የውስጥ ተቆጣጣሪው ግኝት ወዴት ይሄዳል?

በባሕር ዳር ከተማ ካሉት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ደጃፍ፣ የአገልግሎት መስጫው ክፍል እስኪከፈት ድረስ ከሌሎች ባለጉዳዮች ጋር ተቀምጬ ስጠብቅ፣ አንድ ሽማግሌ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የመሥሪያ ቤቱን መዋቅር የሚያሳይ ሰሌዳ ትክ ብለው ሲመለከቱ ቆዩና ወደ እኔ ዞር አሉ። «ልጄ፣ እስቲ ይህን አንብብልኝ። ሌሎቹ ሳጥኖች ሁሉ አንዱ ከአንዱ ሥር እየሆኑ ወርደዋል። እነዚህ ሁለቱ ግን ጎን ላይ ለብቻቸው ተንጠልጥለዋል። ቦታ አጥተው ነው ወይስ ሆን ተብሎ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። በሁለቱ ሳጥኖች ላይ «የውስጥ ኦዲት» እና «የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና» ተብሎ ተጽፏል። ሁለቱም ከኃላፊው ሳጥን ጋር በአጭር መስመር የተያያዙ ሲሆን፣ ከሌሎቹ የሥራ ክፍሎች ጋር የሚያገናኛቸው መስመር አልነበረም።

«ሆን ተብሎ ነው፣ አባባ» አልኳቸው። ከዚያ በላይ ሳልነግራቸው በሩ ተከፈተና ሁላችንም ተነሣን። በውስጥ ኦዲት ሥራ ዓመታት ያሳለፍኩ ሰው ስለሆንኩ ጥያቄያቸው ከዚያ የተሻለ መልስ ይገባው ነበር። የሚከተለው ማብራሪያ ለእርሳቸውና እንደ እርሳቸው ሰሌዳውን አይተው ለሚገረሙ ሰዎች የተጻፈ ነው።

ሳጥኖቹ ጎን ላይ የተቀመጡበት ምክንያት ቀላል ነው። ግዥ የሚፈጽመውን ክፍል የሚመረምር ሰው በግዥ ክፍሉ ኃላፊ ሥር ቢቀመጥ፣ የሚመረምረው አለቃውን ይሆናል። ደመወዙን የሚያሳድግለት፣ ፈቃድ የሚሰጠውና የሥራ አፈጻጸም ነጥብ የሚሞላለት ሰው በሚመረምረው ሒሳብ ላይ የፈረመው ሰው ራሱ ከሆነ ደግሞ ምርመራው ከመጀመሩ በፊት አልቋል ማለት ነው። ስለዚህ የውስጥ ተቆጣጣሪው ከሥራ ክፍሎቹ ሁሉ ተነጥሎ ተጠሪነቱ በቀጥታ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ይሆናል። ይህ አቀማመጥ አንድ ችግር ፈትቶ ሌላ ችግር እንደሚፈጥር አስተዋይ አንባቢ ወዲያው ሳይገነዘበው አይቀርም፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ሦስቱ በሮች

ባለጉዳዮች ብዙ ጊዜ የውስጥ ኦዲትን፣ የሥነ ምግባር ክፍልንና ቅሬታ ሰሚን እንደ አንድ ነገር ይቆጥሯቸዋል። ሦስቱም አንድ ኮሪደር ላይ ስለሚገኙ መምታታታቸው አያስገርምም፤ ሆኖም የሚጠይቁት ጥያቄ የተለያየ ነው።

የውስጥ ኦዲተሩ የሚጠይቀው «ገንዘቡ፣ ንብረቱና አሠራሩ በሕጉና በመመሪያው መሠረት ሄዷል ወይ?» ብሎ ነው። ምስክሮቹ ወረቀቶች ናቸው፤ የክፍያ ማዘዣ፣ የዋጋ ማወዳደሪያ፣ ንብረት ገቢ የሆነበት ሞዴል 19፣ ንብረት የተጠየቀበት ሞዴል 20 እና ወጪ የሆነበት ሞዴል 22። በፌዴራል ደረጃ የፋይናንስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 648/2001 እያንዳንዱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የውስጥ ኦዲት እንዲኖረው ያደረገ ሲሆን፣ ለክፍሉ ብቁ የሰው ኃይል የማሟላትም ሆነ በግኝቱ ላይ በወቅቱ የእርምት እርምጃ የመውሰድ ኃላፊነት የበላይ ኃላፊው ነው። ክልሎችም በየራሳቸው የፋይናንስ ሕግ ተመሳሳይ ሥርዓት ዘርግተዋል።

የሥነ ምግባር ክፍሉ ከወረቀት ይልቅ ሰውን ይመለከታል። በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የእነዚህ ክፍሎች አሠራር የተወሰነው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 144/2000 ነው። ሥራቸው ሠራተኛውን ስለ ሥነ ምግባር ማስተማር፣ ለሙስና የተጋለጡ አሠራሮችን ለይቶ ኃላፊውን ማማከር፣ ጥቆማ መቀበልና ስለ ሥራው ለፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ሪፖርት ማድረግ ነው። በአዋጅ ቁጥር 668/2002 የተደነገገው የሀብት ማሳወቅና ማስመዝገብ ሥራም በየመሥሪያ ቤቱ በአብዛኛው የሚሳካው በእነርሱ ክትትል ነው።

ሦስተኛው በር ቅሬታ ሰሚው ነው። «ፋይሌ ጠፋ፣ ተራዬ ታለፈ፣ ያለ ምክንያት ተመላለስኩ» የሚል ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚህ በር ነው። ስለ እርሱ ብዙ አልጽፍም፤ ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው ባለጉዳዩ በማያያቸው በሁለቱ በሮች ላይ ነው።

ባሕር ዳር ላይ አንድ ተጨማሪ ውስብስብነት አለ። ከተማዋ የክልል ርእሰ ከተማ በመሆኗ የፌዴራል ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤቶች፣ የክልል ቢሮዎችና የከተማ አስተዳደሩ መምሪያዎች ጎን ለጎን ይገኛሉ። ጣና ዳር ላይ ጎረቤት የሆኑ ሁለት ሕንፃዎች በሁለት የተለያዩ ሕጎች ሊተዳደሩ ይችላሉ። የአንዱ ሒሳብ በመጨረሻ የሚመረመረው በፌዴራል ዋና ኦዲተር ሲሆን የሌላው በክልሉ ዋና ኦዲተር ነው። የፀረ ሙስናው ጉዳይም እንዲሁ ነው፤ ክልሉ ከፌዴራሉ የተለየ የራሱ የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን አለው። ስለዚህ አቤቱታ ከመጻፉ በፊት «ይህ መሥሪያ ቤት የማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ምልልስ ያስቀራል።

የጀልባው ነዳጅ

የውስጥ ኦዲተር ምን እንደሚሠራ በትርጉም ከማስረዳት በምሳሌ ማሳየት ይሻላል። ምሳሌው የተፈጠረ ነው፤ የሥራው ሂደት ግን እውነተኛ ነው።

አንድ መሥሪያ ቤት በሐይቁ ላይ ለሚያደርገው ክትትል አንዲት የሞተር ጀልባ አለችው እንበል። ኦዲተሩ በዓመቱ የሥራ ዕቅዱ መሠረት የነዳጅ ወጪን ለመመርመር ይነሣል። የኅዳርን ወር ሲያይ ጀልባዋ 12 ጊዜ ተጉዛ 240 ሊትር ቤንዚን ተወስዷል፤ ለአንድ ጉዞ በአማካይ 20 ሊትር መሆኑ ነው። ወደ ሐምሌ ሲሻገር የጉዞ መዝገቡ 4 ጉዞዎችን ብቻ ያሳያል፣ የነዳጅ ወጪው ግን 230 ሊትር ነው። በኅዳሩ ልክ ከታሰበ አራቱ ጉዞዎች 80 ሊትር በበቃቸው ነበር። ልዩነቱ 150 ሊትር ነው። በዚያው ላይ ከጥገና ፋይሉ የወጣው ደረሰኝ በሐምሌ ወር ሞተሩ ለ11 ቀናት ተፈትቶ ጋራዥ ውስጥ እንደነበር ይናገራል።

እዚህ ላይ ልምድ የሌለው ሰው «ሌባ ተያዘ» ይላል። ጥሩ ኦዲተር ግን እንዲህ አይልም፤ ይህን የምለው ለጨዋነት ሳይሆን ሥራው ስለማይፈቅድለት ነው። 150 ሊትሩ ብዙ ማብራሪያ ሊኖረው ይችላል። ሐምሌ ላይ ጣና ማዕበል ስለሚበዛበት ሞተሩ ከወትሮው የበለጠ ነዳጅ ጠጥቶ ሊሆን ይችላል። አንዱ ጉዞ ወደ ዘጌ መሆኑ ቀርቶ እስከ ደቅ ደሴት የሄደ ሊሆን ይችላል። በአስቸኳይ የተደረገ ጉዞ ሳይመዘገብ ቀርቶ፣ ወይም ነዳጁ ለሌላ መሥሪያ ቤት በውሰት ተሰጥቶም ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ ማብራሪያ የራሱ ዱካ አለው፤ ውሰት ከሆነ ደብዳቤ ይኖራል፣ ደቅ ተሂዶ ከሆነ የተጓዦች የውሎ አበል ይከፈላል። ኦዲተሩ ጀልባ ነጂውን፣ የንብረት ክፍሉንና የስምሪት ሠራተኛውን ለየብቻ ጠይቆ ቃላቸውን ከወረቀቱ ጋር ያመሳክራል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ማብራሪያ ያልተገኘለት 110 ሊትር ቀረ እንበል። አሁን ኦዲተሩ ግኝት ይጽፋል። ደንበኛ ግኝት «ነዳጅ ጠፍቷል» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አያበቃም። በመጀመሪያ መስፈርቱን ያስቀምጣል፤ መመሪያው ነዳጅ በጉዞ ፈቃድ ብቻ እንዲወጣ ያዛል። ቀጥሎ የተገኘውን ሁኔታ ይገልጻል፤ 110 ሊትር ያለ ጉዞ ፈቃድ ወጥቷል። ከዚያ ወደ መንስኤው ይሄዳል፤ ነዳጁን የሚጠይቀው፣ የሚረከበውና የሚመዘግበው አንድ ሰው ነው። ጉዳቱን በብር ያሰላል፣ በመጨረሻም የማሻሻያ ሐሳብ ያቀርባል፤ ጠያቂው፣ ተረካቢውና መዝጋቢው የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ፣ የጎደለው ሒሳብ ይወራረድ ወይም ይመለስ።

ከአምስቱ ውስጥ ትልቁን ዋጋ የምሰጠው ለመንስኤው ነው። አንድን ሠራተኛ ቀጥቶ በቦታው ሌላ ሠራተኛ ማስቀመጥ፣ ሦስቱ ሥራዎች በአንድ እጅ እንደተያዙ ከቀሩ፣ የሚመጣውን ሰው ለዚያው ፈተና አሳልፎ መስጠት ነው። ሰውየው ምናልባት የልጆች አባት፣ ደመወዙ ከወር ወር የማያደርሰው፣ ማንም የማያየው ጀሪካን በእጁ ያለ ሰው ነው። ቁጥጥር ሲባል ብዙዎች የሚታያቸው ማነቅና ማሰር ነው። እኔ ግን ከሁሉ በፊት ደህናውን ሰው ከመሳሳት የሚጠብቅ አጥር አድርጌ ነው የማየው፤ መዝገቡ በሦስት እጅ ካለፈ ንጹሑ ሠራተኛም ሐሜት ሲመጣበት ንጽሕናውን የሚያሳይበት ወረቀት ይኖረዋል።

ምርመራው ሐሰተኛ ደረሰኝ ወይም የተጭበረበረ ፊርማ ያወጣ ከሆነ ጉዳዩ መልኩን ይለውጣል። የውስጥ ኦዲተሩም ሆነ የሥነ ምግባር መከታተያው (የሥነ ምግባር ክፍሉ ባለሙያ) ሰው የማሰር፣ ቤት የመበርበር ወይም ክስ የመመሥረት ሥልጣን የላቸውም። ሰነዱን ጠብቀው ሥልጣን ላለው አካል ያስተላልፋሉ። በነገራችን ላይ፣ ይህም ብዙ ሰው ስለሚያሳስት ልጥቀሰው፤ የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን በ1993 ሲቋቋም ሙስናን የመመርመርና የመክሰስ ሥልጣን ነበረው። ከ2008 ጀምሮ ግን ምርመራው ወደ ፖሊስ፣ ክሱ ወደ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ፣ ማለትም አሁን ፍትሕ ሚኒስቴር ወደምንለው ተቋም ተላልፎ፣ ኮሚሽኑ በማስተማርና በመከላከል ላይ አተኩሯል።

ከግኝቱ በኋላ

እስካሁን ያልኩት ሥራው እንዴት እንደሚጀመር ነው። ለእኔ ግን የዚህ ጉዳይ ልብ ያለው ከዚህ በኋላ ነው።

ኦዲተሩ ረቂቁን ይዞ ከተመርማሪው ክፍል ጋር የመውጫ ስብሰባ ያደርጋል። በዚህ ስብሰባ ላይ ክፍሉ ግኝቱን ይቀበላል፣ ወይም በማስረጃ ይቃወማል። ከዚያ በኋላ የመጨረሻው ሪፖርት ለበላይ ኃላፊው ይቀርባል፤ በፌዴራል ደረጃ ግልባጩ ለገንዘብ ሚኒስቴር ይሄዳል። ኃላፊው በግኝቱ ላይ የድርጊት መርሐ ግብር አውጥቶ ማን፣ እስከ መቼ፣ ምን እንደሚያርም ይወስናል። ኦዲተሩም በቀጣዩ ዙር ተመልሶ መታረሙን ያረጋግጣል። በወረቀት ላይ ሲታይ ክቡን ጠብቆ የሚዞር ሥርዓት ነው።

በአንድ መሥሪያ ቤት ስሠራ በአንድ የንብረት ክፍል ላይ ያገኘሁትን ጉድለት ጽፌ አቀረብኩ። በዓመቱ ስመለስ ጉድለቱ እንዳለ ነበረ። ያለፈውን ሪፖርት አውጥቼ፣ የዓመተ ምሕረቱን ቁጥር ለውጬ፣ እንደገና ጻፍኩት። በሦስተኛው ዓመትም እንዲሁ አደረግሁ። በሙያው ቋንቋ ይህ «ተደጋጋሚ ግኝት» ይባላል፤ ቃሉ ለስላሳ ነው፣ የሚናገረው ነገር ግን ከባድ ነው። በሦስቱም ዓመታት ሪፖርቴ ላይ ስሕተት አለ ያለኝ ሰው አልነበረም፣ የከለከለኝም ሰው አልነበረም፤ ሪፖርቴን በክብር ተቀብለው በክብር መደርደሪያ ላይ አስቀመጡት። ያን ጊዜ ነው የውስጥ ተቆጣጣሪ ጥንካሬ የሚለካው ባገኘው ግኝት ብዛት ሳይሆን ግኝቱ ባገኘው መልስ መሆኑን ያመንኩት። እስከ ዛሬም ስለ አንድ ቢሮ ጥንካሬ ስጠየቅ የማየው ስንት ግኝት እንደተመዘገበ ሳይሆን ካለፈው ዓመት ግኝቶች ስንቱ እንደተዘጋ ነው።

የጣና ውኃ ወደ ዓባይ በሚወጣበት ስፍራ፣ እዚሁ ባሕር ዳር አጠገብ፣ የጨራ ጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ አለ። የሐይቁ ከፍታ በመለኪያ ይነበባል፤ በሮቹን ምን ያህል መክፈት እንደሚገባ የሚወስነው ሌላ አካል ነው። አንባቢው በሩን አይከፍትም፣ አይዘጋምም። ንባቡን እያስተካከለ ቢጽፍ ግን በሩን የሚከፍተው ሰው የፈለገውን ያህል ብልህ ቢሆን በጨለማ ይወስናል። እንደዚሁም ንባቡ በየቀኑ በትክክል እየተጻፈ የሚያየው ከሌለ ጎርፉ መምጣቱ አይቀርም። የውስጥ ተቆጣጣሪው አንባቢው ነው። ኃላፊው በር ከፋቹ ነው። የሁለቱ ሥራ መለየቱ ትክክል ነው፤ መሥሪያ ቤቱን የሚመራው ኦዲተሩ መሆን የለበትምና። ነገር ግን ንባቡን ያየ ኃላፊ ለምን በሩን እንዳልከፈተ የሚጠይቀው ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋል።

የነፃነቱ ቋጠሮ

እዚህ ላይ መጀመሪያ ላይ «በኋላ እንመለስበታለን» ያልኩት ችግር ይመጣል። ተቆጣጣሪውን ከሥራ ክፍሎች ነጥለን ለኃላፊው ተጠሪ አደረግነው፤ ኃላፊው ራሱ የግኝቱ አካል ሲሆንስ? የግዥ ክፍሉ የፈጸመው ስሕተት ከላይ በተሰጠ የቃል ትእዛዝ ከሆነስ? የሥነ ምግባር መከታተያው በቢሮው ላይ ጥቆማ ቢደርሰውና ተጠቋሚው የዓመት አፈጻጸሙን የሚሞላለት ሰው ቢሆን ምን ያደርጋል? አባቶቻችን «ውኃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ሰው ነው፤ የሚሰማው ዳኛ ከሌለ እውነቱ በሆዱ ይቀራል።

ሌሎች አገሮች ይህን ቋጠሮ ለመፍታት የሞከሩበትን መንገድ ማየት ይጠቅማል። አሜሪካ በ1978 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ በ12 የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ዋና ኢንስፔክተር የሚባል የውስጥ ተቆጣጣሪ አቋቋመች፤ በኋላም ወደ ሌሎች ብዙ መሥሪያ ቤቶች ተስፋፋ። ፈጠራው ያለው በተጠሪነቱ ላይ ነው። ዋና ኢንስፔክተሩ የመሥሪያ ቤቱ አካል ሆኖ ይሠራል፣ ሪፖርቱ ግን ለኃላፊውም ለአገሪቱ ምክር ቤትም ይሄዳል። በዓመት ሁለት ጊዜ መደበኛ ሪፖርት ያቀርባል። እጅግ ከባድና ግልጽ የሆነ ጥፋት ሲያይ ደግሞ ለኃላፊው በደብዳቤ ያሳውቃል፤ ኃላፊውም ደብዳቤውን የራሱን አስተያየት አክሎበት በ7 ቀናት ውስጥ ለምክር ቤቱ የማስተላለፍ ግዴታ አለበት። ኃላፊው በግኝቱ ላለመስማማት መብት አለው፤ ግኝቱን ደብቆ የማስቀመጥ መብት ግን የለውም። በእኔ እምነት የሕጉ ብልሃት ያለው በዚህች ልዩነት ውስጥ ነው።

ይህም ቢሆን ፍጹም ዋስትና አልሆነም። ሕጉ ፕሬዚዳንቱ አንድን ዋና ኢንስፔክተር ከማንሣቱ ከ30 ቀናት በፊት ምክንያቱን ለምክር ቤቱ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል፤ በጥር 2025 እ.ኤ.አ. ግን ወደ 17 የሚጠጉ ዋና ኢንስፔክተሮች ይህ ማስታወቂያ ሳይቀድም ተነሥተው ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት አምርቷል። አዋጅ አጥርን ይሠራል፣ አጥሩን የሚጠብቀው ግን ሰው ነው።

በአገራችን ቋጠሮው የተያዘው በሌላ መንገድ ነው። የውስጥ ተቆጣጣሪው አጭር ክንድ ከውጭ በሚመጣ ረጅም ክንድ እንዲደገፍ ታስቧል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበትና ማንኛውም ኃላፊ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንደሚሆን ይደነግጋል። አንቀጽ 101 ደግሞ የፌዴራሉን ዋና ኦዲተር ያቋቁማል፤ ዋና ኦዲተሩ በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይሾማል፣ ሪፖርቱንም ለዚያው ምክር ቤት ያቀርባል። ዋና ኦዲተሩ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሲመጣ መጀመሪያ ከሚጠይቃቸው ሰነዶች መካከል የውስጥ ኦዲቱ ሪፖርትና የተሰጠው መልስ ይገኙበታል። ለሦስት ዓመታት በመደርደሪያ የተቀመጠች ግኝት ያን ቀን ከመደርደሪያዋ ትወርዳለች። ኦዲተሩ ባይሰማም እንኳ መጻፉን መተው የሌለበት ለዚህ ነው።

ቢሆንም ረጅሙ ክንድ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። የውጭ ኦዲት የሚያየው ያለፈውን ዓመት ሒሳብ ነው፤ ያን ጊዜ ነዳጁ ተቃጥሏል፣ ጀልባ ነጂው ተዛውሯል፣ ኃላፊውም ምናልባት ሌላ ወንበር ላይ ተቀምጧል። የውስጥ ተቆጣጣሪው ያለው፣ ሌላ ማንም የሌለው ሀብት ጊዜ ነው። ነገሩ ገና ትኩስ ሳለ፣ 110 ሊትሩ 1,000 ሊትር ከመሆኑ በፊት፣ ሰውየው ከመልመዱ በፊት ማየት ይችላል። ስለዚህ ለእኔ ሁለቱ ተተኪዎች አይደሉም፤ የውጭው ኦዲተር ሳይኖር የውስጡ ጥርስ የለውም፣ የውስጡ ሳይኖር የውጭው ከቀብር በኋላ የሚደርስ ሐኪም ይሆናል።

እረኛ ምን አለ?

በድሮ ዘመን መኳንንቱ የሕዝቡን ልብ ለማወቅ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ እንደነበር ይነገራል። እረኛው በሜዳ የሚያንጎራጉረው፣ በአደባባይ የማይነገረውን ነበርና። የዘመኑ መሥሪያ ቤት እረኛ ጠቋሚው ነው፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ፣ የጥበቃ ሠራተኛው፣ ሾፌሩ፣ ጨረታ የተሸነፈ ነጋዴ። ኦዲተር የቱን ያህል ጎበዝ ቢሆን ወረቀት ላይ ያልሰፈረ ነገር አያይም። ደረሰኙ ትክክለኛ፣ ፊርማውም የተሟላ ሆኖ ዕቃው ግን በሌሊት በኋላ በር እንደሚወጣ የሚያውቀው ዘበኛው ነው።

እነዚህ ሰዎች የሚናገሩት ሥራቸውንና እንጀራቸውን አስይዘው በመሆኑ ሕጉ ሊከልላቸው ሞክሯል። የወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 በከባድ ወንጀሎች ላይ ለሚጠቁሙና ለሚመሰክሩ ሰዎች ማንነታቸውን ከመደበቅ ጀምሮ ልዩ ልዩ የጥበቃ እርምጃዎችን ያስቀምጣል። የአዋጁ ጥላ ከባድ ያልሆነውን ጥፋት የጠቆመውን ሰው ሁልጊዜ አይሸፍንም፤ እንዲህ ያለውን ሰው በቅርብ የሚጠብቀው የሥነ ምግባር ክፍሉ ምስጢር መያዙ ነው። በትንሽ መሥሪያ ቤት ምስጢር መያዝ ከባድ ሥራ ነው። ጥቆማው ላይ ያለው ዝርዝር ራሱ የጠቋሚውን ማንነት ሊናገር ይችላል፤ ያን ቀን ስቶር ውስጥ የነበሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ከሆኑ ስም መደበቅ ብቻውን አይበቃም። አዋቂ መከታተያ ጥቆማውን እንዳለ አያወጣም፤ ክፍሉ በመደበኛው ዕቅድ እንዲመረመር ያደርግና ግኝቱ ከወረቀት የተነሣ እንዲሆን ያደርጋል። ይህን ጥበብ ያልተማረ መከታተያ አንድ ጠቋሚ ካጋለጠ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ወደ ቢሮው የሚመጣ ሰው አይኖርም።

በሌላ በኩል የሐሰት ጥቆማም አለ፤ በጥላቻ፣ በሹመት ፉክክር፣ አንዳንዴም ጨረታ በመሸነፍ ቁጭት የሚጻፍ። ተጠቋሚውም ሰው ነው፣ ስሙም የልጆቹ ስም ነው። ስለዚህ ጥቆማ እስኪጣራ ድረስ ጥቆማ እንጂ ግኝት አይደለም፤ ይህን ሁለት ቃል ለይቶ የማይጠቀም የሥነ ምግባር ባለሙያ ካጋጠመዎት በእጁ ያለውን ጉዳይ በጥንቃቄ እንዲያዩት እመክራለሁ።

ባለጉዳዩ ምን ማድረግ ይችላል?

የግል በደል የደረሰበት ሰው በመጀመሪያ ወደዚያው መሥሪያ ቤት ቅሬታ ሰሚ ቢሄድ፣ መልስ ካጣ ደግሞ ወደ ኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ቢያመለክት መንገዱ ይቀናል። ተቋሙ በመጀመሪያ በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመ ሲሆን አሁን የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1142/2011 ነው። የሚመረምረው የአስተዳደር በደልን ነው። በሕዝብ ገንዘብና ንብረት ላይ ጥፋት ያየ ሰው ግን ጥቆማውን ለሥነ ምግባር ክፍሉ፣ ኃላፊው ራሱ የሚጠረጠር ከሆነ ደግሞ በቀጥታ ለኮሚሽኑ ወይም ለፖሊስ ቢሰጥ ይሻላል።

ሰው ብዙም የማይጠቀምበት ሌላ መብት አለ። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል፤ መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀናት ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ሕጉ የሚከለክላቸው መረጃዎች አሉ፤ በሒደት ላይ ያለ ምርመራ ለምሳሌ ለማንም አይሰጥም። ነገር ግን ባለፈው ዓመት በቀረበው የኦዲት ግኝት ላይ ምን እርምጃ እንደተወሰደ መጠየቅ ነውር አይደለም። ሽማግሌው ስለ ሰሌዳው የጠየቁኝን ያህል ሰው ስለ ሰሌዳው ፍሬ ቢጠይቅ ለኦዲተሩ የሚሰጠው ድጋፍ ከማንኛውም ሥልጠና ይበልጣል፤ ከውጭ የሚጠይቅ እንዳለ የሚያውቅ ኃላፊ ግኝቱን መደርደሪያ ላይ ለማስቀመጥ አይደፍርም።

ጥቆማ ወይም አቤቱታ ሲጻፍ ስሜቱን አሳጥሮ ነገሩን ማስረዘም ይጠቅማል። «ሁሉም ሌባ ነው» የሚል ሁለት ገጽ ጽሑፍ ለመርማሪ የሚሰጠው ምንም ነገር የለም። በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ክፍል፣ የትኛው ደብዳቤ ወይም ደረሰኝ ቁጥር፣ ማን በቦታው እንደነበረ የሚናገሩ አምስት መስመሮች ግን ምርመራ ያስጀምራሉ። በዐይን ያዩትንና ከሰው የሰሙትን ለይቶ መጻፍም ያስፈልጋል፤ የሰሙት ነገር ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፣ መርማሪው ከየት መጀመር እንዳለበት እንዲያውቅ ነው። ጽሑፉ በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱ መዝገብ ቤት ገቢ ሲሆን በሌላው ላይ ማኅተም፣ ቀንና የገቢ ቁጥር ይጻፍበት። ከዚያ በኋላ «ጉዳዬ የት ደረሰ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ስሙን ሳይሆን ያንን ቁጥር ይዞ ይመለሳል፤ መዝገብ ቤቱም ወረቀቱ ወደ ማን እንደተመራና በማን ጠረጴዛ ላይ እንዳለ ከዚያው መዝገብ ላይ አንብቦ ሊነግረው ይገባል።